ተንጋለው የሚነዱት ብስክሌት

አንባቢ ሆይ፤ ረጅም የመጥረጊያ እጀታ በመዳፍህ ላይ ቀጥ አድርገህ ለማቆም ሞክር። ጥቂት ከተለማመድህ ይቆምልሃል። ቀጥለህ በእርሳስ ሞክር፤ እጅህ ሳይደርስለት ይወድቃል። አጭሩ ነገር ከረጅሙ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያዘነብል ለማቃናት ጊዜ አይሰጥም። ተንጋለው የሚነዱት ብስክሌት ጀማሪውን የሚያስጨንቀው በአንድ በኩል ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ነጂው ለመሬት ቅርብ ነው። ደግሞም ጀርባው በመቀመጫው ላይ ስላረፈ፣ በኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ወገቡን ወዲህና ወዲያ እያለ ሚዛኑን ሊጠብቅ አይችልም። ሥራው ሁሉ በመሪው ላይ ይወድቃል።

«ታዲያ ይህን ማን ይፈልገዋል?» ትል ይሆናል። እኔ እፈልገዋለሁ። ወገቤን ካመመኝ ወዲህ በተራው ብስክሌት ላይ ግማሽ ሰዓት እንኳ መቆየት አልችልም፤ ከአገር የወጣ አንድ ወዳጄ ይህን ባይተውልኝ ኖሮ መንዳትን ጨርሶ በተውሁ ነበር። ፍጥነቱም የሚናቅ አይደለም። በ1933 (እ.ኤ.አ.) ፍራንሲስ ፎር የተባለ ስሙ ያልገነነ ፈረንሳዊ፣ ሻርል ሞሼ በሠራው እንዲህ ባለ ብስክሌት ፓሪስ ላይ በአንድ ሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ከ55 ሜትር ተጉዞ ከ1914 ጀምሮ የቆየውን የኦስካር ኤግን ክብረ ወሰን አለፈ። በተከታዩ ዓመት ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ይህን ዓይነቱን ከውድድር ውጭ አደረገው። እንደ እኔ አስተያየት ጥፋቱ ማሸነፉ ነው።

የእኔው ብስክሌት ግን አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው፤ በዝግታ ስሄድ የፊቱ ጎማ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። መኪና በሚበዛበት መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት፣ መሪው የሚዞርበትን ዘንግ በሐሳብህ እስከ መሬት አስረዝመው። ዘንጉ መሬቱን የሚነካው ጎማው ከሚነካበት ነጥብ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት በፍጥነት ጊዜ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሲበዛ ግን በዝግታ ጊዜ ይጥለዋል። የእኔው ዘንግ ከመሬት ጋር 65 ዲግሪ ይሠራል፤ የፊቱ ጎማ ከማዕከሉ እስከ መሬት 25 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎማውን ያቀፈው ሹካ ከዘንጉ ወደ ፊት የሚወጣው 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለ ነበር፣ ርቀቱ ከ8 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር። 5 ሴንቲ ሜትር በሚወጣ ሹካ ሳስለውጠው ወደ 6 ወረደ፤ ጎማውም መውደቁን ተወ። የቀድሞውን ሹካ በመዶሻ ማጉበጥ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አትስማቸው። በዚህ መንገድ የተጎዳ ብረት ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል።

የመሪውም እጀታዎች ከዘንጉ ርቀው እስከ ደረቴ ይመጡ ስለ ነበር፣ ለመታጠፍ እንደ ታንኳ መሪ ወደ ጎን መግፋት ነበረብኝ። ክንዴ እስከሚደርስበት ድረስ አሳጠርኋቸው።

የቀረው መቀመጫው ነበር። መደገፊያውን ጥቂት ቀና ሳደርገው ነፋሱ ደረቴን ይመታኝ ጀመር፤ ፍጥነቴም ቀነሰ። ነገር ግን አሁን በመስቀለኛ መንገድ ላይ የመኪናውን ነጂ ዓይን አያለሁ፣ እርሱም የእኔን ያያል።