የአባቴ በገናና የእኔ ከርነል

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አባቴ «እጄ ጨርሶ ሳይከዳኝ ቅዳኝ» አለኝ። ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ቤታችን መካኒሳ አቦ ነው። ቀን ቀን በታክሲውና በሲኖትራኩ ጩኸት ምንም አይቀዳም። ስለዚህ የምንቀዳው ማታ ከ5 ሰዓት በኋላ ነው፣ እሱም ውሻ ካልጮኸ። ዕቃዬ አራት ጊጋ ራም ያላት፣ ኡቡንቱ የተጫነባት አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክና ከጓደኛዬ የተዋስኩት የድምፅ ካርድ ነበር።

በመጀመሪያው ማታ ቅጂው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ገባ። ችግሩ፣ በገና ራሱ ይነዝራል። አሥሩ አውታሮች በርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ ቆዳዎች ይገባሉ፤ ያ ሁላችንም የምናውቀው ዝዝዝታ የሚመጣው አውታሩ ቆዳውን ሲነካ ነው። እኔም ጥፋቱ የእንዚራው መስሎኝ አባቴን ሁለት ቀን ሙሉ «ቆዳውን አስተካክለው» እያልኩ ነዘነዝኩት። በሦስተኛው ቀን ማዳመጫውን አወለቀና «የኔ አይደለም፤ ማሽንህ ነው የሚንተባተበው» አለኝ።

ልክ ነበር። የድምፅ ካርዱ በሰከንድ 48,000 ናሙና ያመጣል። ኮምፒውተሩ እነሱን አንድ በአንድ አይቀበልም፤ እኔ ባስተካከልኩት መሠረት 256 እያደረገ በፈር ውስጥ ያጠራቅማል። 256 ናሙና ማለት 5.3 ሚሊሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ መቅጃው ፕሮግራም መጥቶ ካልወሰደ፣ መሃል ላይ ቁራጭ ይጠፋል። ቀጭ የሚለው እሱ ነው፤ ኤክስረን ይሉታል።

በፈሩን ለምን አላሰፋህም ትሉኝ ይሆናል። አሰፋሁት፣ 1024 አደረግኩት። ቀጭታው ቀነሰ። ግን አባቴ ጆሮው ደክሟል፣ ራሱን የሚሰማው በማዳመጫ ነው። አሁን ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ከ40 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅ ጀመር። «ከኋላዬ ሌላ ሰው ይደረድራል» አለና አቆመ።

የሚገርመው፣ ፕሮሰሰሩን ሳየው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው። ላፕቶፗ ቀርፋፋ ሆና አይደለም፤ እያረፈደች ነው። ከርነሉ ውስጥ ሼዱለር የሚባለውን ክፍል እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ አስቡት። ነፍሰ ጡር ስትመጣ ከሰልፉ ያሳልፋታል። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሶፋ እየተጫነ ከሆነ ግን እሷም ቆማ ትጠብቃለች። ለድምፁ ቅድሚያ ሰጥቼዋለሁ፤ ነገር ግን ተራው ከርነል የራሱን ሥራ ከጀመረ፣ ለምሳሌ ዋይፋዩን እያስተናገደ ከሆነ፣ አንዳንዴ ሳይጨርስ አይለቅም። ስክሪን ላይም ያው ነው፦ በሰከንድ 60 ምስል ማለት ለእያንዳንዱ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ምስል ቢቀር ግን ዓይን ይቅር ይላል። ጆሮ አይልም።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ደክሟል። ኮን ኮሊቫስ የሚባል አውስትራሊያዊ የማደንዘዣ ሐኪም፣ ሊኑክስ ለተራ ተጠቃሚ እንዳይንገጫገጭ ብሎ ለዓመታት የራሱን ሼዱለር ሲጽፍ ነበር። በፈረንጆቹ 2007 ተበሳጭቶ ተወው፣ በ2009 ተመለሰ። (ቀን ሰው ያስተኛል፣ ማታ ኮድ ይጽፋል። እኔ ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ።) ፕሪኤምፕት አርቲ የሚባለው፣ ሶፋ ጫኙንም ሳይቀር «አንዴ ቁም» የሚያስብለው ሥራ ደግሞ 20 ዓመት ገደማ ከዋናው ከርነል ውጭ ቆይቶ፣ በ2024 በወጣው 6.12 ላይ ገባ።

6.12ን በሞባይል ዳታ አወረድኩ። ፕሪኤምፕት አርቲን አበራሁ፤ የሰዓቱን ምት በሰከንድ ከ250 ወደ 1000 አሳደግኩ። ኮምፓይል ማድረግ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ሊነጋ ሲል መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፗ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። በማግስቱ ካቆመበት አስቀጠልኩት። ደግሞ ነፃ ነገር አይደለም፦ ሁሉም ሰው እየተቋረጠ ስለሚያሳልፍ አጠቃላይ ሥራው ትንሽ ይጓተታል። ቪዲዮ ኤዲት ብቻ ለሚያደርግ ሰው አልመክረውም።

ኤክስረኑ በደቂቃ ከአሥር በላይ የነበረው ወደ አንድ ሁለት ወረደ። የቀረው ዋይፋዩን ሳጠፋው ጠፋ። አዎ፣ እሱን መጀመሪያ መሞከር ነበረብኝ።

በሆሣዕና ዋዜማ ማታ አባቴ በ256 በፈር 11 ደቂቃ ሳያቋርጥ ደረደረ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ስናዳምጠው ሰባተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ቦታ ጠቅ አለ። ደንግጬ ቆጣሪውን አየሁ። ኤክስረን፦ 0።

ወደኋላ መልሼ ደግሜ አሰማሁት። አባቴ ጣቱን እያየ «እሱማ እኔ ነኝ» አለ።