ሐዘንና ተስፋ በሹም አቦ



ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሁሉ ስለ ዘንባባዎቿ፣ ስለ ጣናና ስለ ጢስ ዓባይ ያወራል። እኛም ከተማይቱን ከዚህ ቀደም አይተን ስንመለስ ያወራነው ይህንኑ ነበር። በዚህኛው ጉዟችን ግን ሐይቅ ለማየት አልሄድንም። ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ወጣት፣ የቆየ ወዳጃችን ታናሽ ወንድም፣ ከሰው ተለይቶ በር ዘግቶ ከተቀመጠ አራት ወር እንዳለፈው ሰማን። ወዳጃችን ኑሮው ባሕር ማዶ ስለሆነ «እባካችሁ እናንተ እዩልኝ፤ እናቴ በስልክ የምትነግረኝ ግማሹን ነው» ብሎ ላከብን። የታመመን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን እያወቅን እስከዚያ ቀን መዘግየታችን ያሳፍረናል። እግሩ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ደርሰን ነበር።

መንገዱ እንደ ድሮው የሚያስተማምን ስላልነበረ የዓባይን በረሃ በመኪና ማቋረጡን ትተን በአውሮፕላን ሄድን። ሹም አቦ የደረስነው ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ግቢው ውስጥ አንድ የማንጎ ዛፍ የቆመበት፣ እንደ ጎረቤቶቹ ያለ ቤት ነው። እናቲቱ በር ላይ ተቀበሉን።

«ግቡ ልጆቼ! አፊያ ናችሁ? ሰዎቻችሁ ሁሉ ደኅና ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ እማማ፣ እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰፈሩ ሲጠይቀኝ ታይፎይድ ነው ብያለሁ። እናንተም ብትጠየቁ እንደዚያው በሉልኝ።»

ቡናው እስኪፈላ ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወቱን። ልጁ በጣና ላይ ጎብኚ በሚያመላልስ ጀልባ ይሠራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ገባና ጎብኚ ጠፋ። ያ ሳያልፍ በ2013 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ጥቂት ተንፈስ ሲባል ደግሞ በ2015 ክረምት በክልሉ ውስጥ ግጭት ተነሣ። ጀልባዎቹ ዳር ላይ ታስረው ሲውሉ ልጁም ቤት መዋል ጀመረ። ይህን የሰማ ሁሉ «ሥራ ቢያገኝ ይሻለዋል» ብሎ ያስባል፤ እኛም አስበናል። እናቲቱ ግን ሥራ እንዳገኘ ነገሩን። አጎቱ በሱቁ አስገብቶት አምስት ወር ሠርቷል። የባሰበትም ገንዘብ እጁ ላይ እያለ፣ የጎደለበት ነገር ሳይኖር ነው። መጀመሪያ እንቅልፉ ሄደ፤ ቀጥሎ የምግብ ፍላጎቱ፤ ቀጥሎ ንግግሩ። አንድ ሌሊት «እማዬ፣ ነገ ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር» አላቸው። «ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ፍራሼን በሩ ላይ አነጠፍኩ» አሉን፣ ስኒውን እያቀበሉ።

ወደ ክፍሉ ገባን። እዚህ ላይ ጥፋታችንን ሳንደብቅ እንናገር። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ምክር ጀመርን። «አብሽር! ሶብር አድርግ፤ ቁርኣን ቅራ፤ ካንተ የባሰ ስንት አለ» አልን። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ቁርኣን ያከተመ ነው። ጥቂት አዳመጠንና «ሶላት ላይ ቆሜ ምንም አይሰማኝም። አላህ የተወኝ ይመስለኛል። እናንተ ደግሞ ኢማንህ ደክሟል ልትሉኝ ነው የመጣችሁት» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መልስ አልነበረንም።

ዐስር ከተሰገደ በኋላ አንድ አዛውንት ሸህ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። የሰፈሩ ሰው ናቸው። አሰላሙ ዓለይኩም ብለው ገቡ፣ ከአልጋው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጡ፣ ተስቢሃቸውን አወጡ። ምንም አልመከሩም። ልጁም ምንም አላለ። አንድ ሰዓት ያህል በዚህ ሁኔታ ቆይተው «ነገ ኢንሻአላህ» ብለው ተነሡ። እናቲቱ እንደነገሩን ከሁለት ወር በላይ አንድ ቀን ሳያጎድሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። በር ድረስ ስንሸኛቸው ልጁ ያለንን ነገርናቸው፤ «የኢማን ድክመት ነው እንዴ?» ብለንም ጠየቅን።

ሸሁ ቆም አሉ። «ነብዩላህ ያዕቁብ ኢማናቸው ደካማ ነበር?» አሉን። ዩሱፍን አጥተው ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ ማዘናቸው በሱረቱ ዩሱፍ ተነግሯል። ልጆቻቸው እንኳ በዚህ ሐዘን ልትጠፋ ነው ብለው ተቆጥተዋቸዋል። እሳቸው ግን ስሞታቸው ለአላህ እንጂ ለእነሱ እንዳልሆነ መለሱላቸው፤ በዚያው ንግግራቸውም ሂዱና ዩሱፍን ፈልጉ፣ ከአላህ እዝነት ተስፋ አትቁረጡ አሏቸው። «ልብ በሉ» አሉ ሸሁ፤ «ዓይናቸው ጠፍቶ ነው ይህን የተናገሩት። ማዘን ሌላ፣ ተስፋ መቁረጥ ሌላ። ይህ ልጅ አዘነ እንጂ ተስፋ አልቆረጠም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ምንም እየተሰማው አይደለም ሶላት የሚቆመው? ምንም ሳይሰማው ይቆማል! እኔ ሲሰማኝ ከምቆመው የእሱ ይበልጥብኛል።»

ይህ አነጋገር ሌሊቱን ሲያብሰለስለን አደረ። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከሒጅራ ሦስት ዓመት ገደማ በፊት እመት ኸዲጃንና አጎታቸውን አቡ ጣሊብን በአንድ ዓመት አጥተዋል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ያን ጊዜ የሐዘን ዓመት ብለው ሰይመውታል። ያን ሐዘን ይዘው ጣኢፍ ሄዱ። እዚያም በድንጋይ ተባረሩ። ደምተው አንድ የወይን ቦታ ጥግ ሲቀመጡ ወይን ያመጣላቸው ዐዳስ የተባለ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር፤ አገሩን ሲጠይቁት ነነዌ አላቸው። የወንድሜ የዩኑስ አገር! አሉት። በዚያ በተሰበሩበት ሰዓት የተነሣው ስም በዓሣ ሆድ ውስጥ፣ በጨለማ ላይ ጨለማ ተደራርቦበት አላህን የጠራው የዩኑስ (ዐ.ሰ) ስም መሆኑ ያስደንቃል። ዩኑስ ከዚያ ሲወጣ እንኳ ወዲያው አልተነሣም፤ ታሞ ነበር የወጣው፤ አላህ ጥላ የሚሆነው ተክል አበቀለለት። ስለዚህች ተክል በልጅነታችን ስንማር እንደ ትንሽ ነገር ነበር ያለፍናት።

በማግሥቱ ልጁ አብሮን ሊወጣ ፈቀደ። እኛ አልለመንነውም፤ ሸሁ ናቸው «እንግዶችህን ሐይቁን አሳያቸው» ያሉት። ባጃጅ ይዘን ወደ ጣና ዳር ወረድን። የከተማው ዘንባባ አቧራ ለብሷል፤ ሐይቁ ግን ያው ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ውሃ ነውና ማዶው አይታይም። ዳሩ ላይ አንድ ሰው ታንኳውን ከውሃ እየጎተተ ያወጣ ነበር። የነገደ ወይጦ ሰው ነው። እነዚህ በጣና ዙሪያ የኖሩ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው፤ ከደንገል ታንኳ መሥራትን እንደነሱ የሚያውቅበት የለም። ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ ስለነበር ሌላው ሰው፣ ሙስሊሙም ጭምር፣ ገበታ አልጋራም ብሎ ሲያገላቸው ኖሯል። ይህን መጻፍ ደስ አይልም፤ ግን እውነት ነው።

«ለምን ታወጣዋለህ? ገና ጧት አይደል?» ብለን ጠየቅነው።

«ውሃ ጠጥቷል። ደንገል ሲውል ሲያድር ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። ፀሐይ ላይ ካላሰጣሁት ይሰጥማል» አለን።

ደንገሉም እንደ ድሮው አይገኝም አለ። ዳር ዳሩ በግንባታና በእርሻ ተይዟል። በ2004 ዓ.ም. የታየው እምቦጭ ደግሞ በተለይ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳር አስጨንቋል። ይህን ሁሉ የነገረን ታንኳውን እያገላበጠ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና ጎንበስ ብሎ ሌላኛውን ጫፍ ያዘለት። ሁለቱ ተሸክመው ደረቅ ሣር ላይ አሰጡት። ከመጣን ጀምሮ ልጁ በገዛ ፈቃዱ ሲሠራ ያየነው የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነበር።

እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠን ስለ አቡ ዘይድ አል-በልኺ አጫወትነው። ይህ ሰው ዛሬ በሰሜን አፍጋኒስታን ባለችው በበልኽ የነበረ፣ በ322 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 934) የሞተ ሊቅ ነው። ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው ኪታብ ሐዘንን በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ የሞተ ዘመድ፣ የጠፋ ንብረት። ሌላው ምክንያቱ የማይታወቅ ነው፤ ሰውየው ምንም ሳይጎድልበት ይጨልምበታል። ይኸኛውን ከሰውነት የሚመጣ ነው ይለዋል፤ ሰውነትም መታከም አለበት ይላል። ከሺህ ዓመት በፊት መሆኑ ነው! የኋለኞቹ ሙስሊሞችም አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1488 ሱልጣን ባየዚድ ሁለተኛ በኤዲርኔ ከተማ፣ በወንዝ ዳር ባሠሩት ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን በመካከሉ በሚፈልቅ የውሃ ድምፅና በዜማ ጭምር ይታከሙ ነበር።

«ታዲያ እኔን ለምን ጠንቋይ ቤት ሊወስዱኝ ፈለጉ?» አለ ልጁ። ሳቅን፤ እሱም ፈገግ አለ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አባቱ ጠንቋዩን እንኳ አልፈቀዱም፤ አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው። ሆኖም በሸሁ ጉትጎታ ልጁ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ታይቶ ኪኒን ከታዘዘለት በኋላ፣ አንድ ሩቃ አደርጋለሁ የሚል ሰው «ይህ የጅን ነው፤ ኪኒኑ ያደነዝዘዋል» ሲላቸው በአምስተኛው ቀን አስተዉት። ሐኪሞቹ ዛሬ ድባቴ የሚሉት የዚህ የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን በሰዓቱ የሚሠራ አይደለም። ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጡም ጉዳት አለው። በአምስት ቀን አልሠራም ማለት ዘር በተዘራ በአምስተኛው ቀን አዝመራ እንደመጠየቅ ነው። ሸሁ ይህን ሲሰሙ ሄደው አባትየውን «ሩቃ ከመድኃኒት ጋር መቼ ተጣላ? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመልህን እሰርና ተወከል አላሉም?» ብለው ተቆጡ። አባትየውም እንደገና አስጀመሩት። እኛ ስንደርስ አራተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከጨለመበት፣ ይወደው የነበረውን ሁሉ ከጠላ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተለየው፣ ሐኪም ይየው። ስለ ሞት ከተናገረ ደግሞ ያን ቀን አትዘግዩ፣ ብቻውንም አትተዉት፤ እኚያ እናት ፍራሻቸውን በር ላይ እንዳነጠፉት ማለት ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ ሐዘን እንዲህ የሚፈራ ነገር ባይሆን ኖሮ ጥበቃ ባልጠየቁበት ነበር።

ያን ቀን መግሪብን በመስጊድ ከእኛ ጋር ሰገደ። ስንወጣ «ተሰማህ?» ብሎ የጠየቀው ከመካከላችን የትኛው እንደሆነ አንናገርም። «አልተሰማኝም። ግን ሰገድኩ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ልንመለስ ስንነሣ እስከ አስፋልቱ ሊሸኘን ሻንጣችንን ያዘ። እናቲቱ በር ላይ ቆመው ይመርቁናል። በዚህ መሐል አንዲት ጎረቤት እንጀራ በመሶብ ይዘው ሲያልፉ ልጁን አዩትና «እሰይ! ታይፎይዱ ለቀቀህ ወይ?» አሉት።

ልጁ እናቱን ተመለከተ። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ታይፎይድ እንኳ አይደለም፤ ጭንቀት ነው ያመመው» አሉ። «ማክሰኞ ፈለገ ሕይወት ቀጠሮ አለው። ዱዓ አድርጉለት።»