ሳላነበው የፈረድኩበት መጽሐፍ

መጽሐፉን ያገኘሁት ከልጄ ትራስ ሥር ነው። ሰኞ ጠዋት እርሱ ትምህርት ቤት ሄዶ እኔ የቆሸሹ ልብሶች ልሰበስብ ክፍሉ ገብቼ ነበር። ገለጥ ሳደርገው እሳት፣ ድብድብ፣ የወርቅ ቀንድ ያለው ሰው አየሁ። የሰውየው ስም ማጎግ ይላል። ከዚህ ሁሉ ጋር የዮሐንስ ራእይ ቃል ተጽፎበታል። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም፤ ወስጄ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩት። የቆሻሻ መኪናው በዚያው ጠዋት አልፎ ሄደ። እውነቱን ለመናገር፣ ቤቴን ያጸዳሁ መስሎኝ እየዘመርኩ ነበር ወደ ሥራ የሄድኩት።

ማታ ልጄ ትራሱን አነሣ፣ አልጋው ሥር አየ፣ ከዚያ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «አባዬ፣ መጽሐፉ እኮ የቤተ መጻሕፍት ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ባለቤቴ ግን ጨመረች። «ቢያንስ እኔን ለምን አልጠየቅኸኝም?» አለችኝ። «ለዚህ ደግሞ ምክር ያስፈልጋል እንዴ?» አልኳት። ከዚያ ቃል ቃልን ወለደ። እርሷ ስለ ችኩልነቴ፣ እኔ ስለ ቸልተኝነቷ ስንወራወር የልጃችን ክፍል በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማን። ለሁለት ሳምንት ያህል ከአፉ የሚወጣው «እሺ» እና «አይ» ብቻ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ አሜሪካ ውስጥ ያሳደገ ወላጅ ይህ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

የጠፋውን መጽሐፍ ዋጋ ከፈልን። ያን ዕለት ባለቤቴ፣ «ከከፈልን አይቀር አንድ እንግዛና እናንብበው። ከዚያ በኋላ መጥፎ ነው ብትል እኔም አብሬህ እጥለዋለሁ» አለችኝ። እንቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

መጽሐፉ «ኪንግደም ከም» ይባላል፤ ስሙ ከጌታ ጸሎት የተወሰደ ነው። ማርክ ዌይድ የጻፈው፣ አሌክስ ሮስ በቀለም ብሩሽ የሣለው ሲሆን በ1996 በአራት ክፍል ወጥቶ በኋላ በአንድ ጥራዝ የተሰበሰበ ኮሚክ ነው። ሱፐርማን፣ ባትማን፣ ዋንደር ውመንና ጀስቲስ ሊግ የሚባለው የጀግኖች ቡድን አሉበት። እኔን ያስደነቀኝ ግን ታሪኩን የሚተርከው ሰው ነው። ኖርማን መኬይ ይባላል፤ ያረጀ፣ እምነቱ የደከመበት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው። ሠዓሊው ሮስ መልኩን የሣለው የራሱን አባት እያየ ነው፤ አባቱም በእውነት አገልጋይ ነበሩ። እኔ መጣያ ውስጥ የወረወርኩት መጽሐፍ፣ አንድ ልጅ አገልጋይ አባቱን በክብር የሣለበት ነበር!

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሱፐርማን በሰዎች አዝኖ ሥራውን ትቶ ገለል ብሏል። በእርሱ ፋንታ የተነሡት ወጣት ኃያላን እርስ በርስ ይደባደባሉ፤ ከሥራቸው ስላለው ሕዝብ ግድ የላቸውም። በአንዱ ጠባቸው የካንሳስ ግዛት በኑክሌር ፍንዳታ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሱፐርማን ይመለሳል፤ እሺ ያሉትን ቡድኑ ውስጥ ያስገባል፣ እንቢ ያሉትን የሚያጉርበት ትልቅ እስር ቤት ይሠራል። ነገሩ ሁሉ ከእጁ ያመልጥና በመጨረሻ መንግሥታት ቦምብ ይጥላሉ፤ ብዙዎቹ ኃያላን ያልቃሉ። ሱፐርማን በቁጣ የመንግሥታቱን ድርጅት ሕንጻ በሰዎቹ ላይ ሊያፈርስ ይሄዳል። የሚያቆመው ሌላ ኃያል አይደለም። ምንም ኃይል የሌለው ያ ሽማግሌ አገልጋይ ቀርቦ ያናግረዋል፤ ቁጣው ከምን እንደመጣ ይነግረዋል፤ ራሱንም ይቅር እንዲል ይለምነዋል።

ካነበብን በኋላ ቤታችን በሦስት ተከፈለ። ልጄ ሥዕሎቹን ወደደ፤ ከሁሉ በላይ ግን ማን ልክ እንደሆነ ወዲያው የማይታወቅ መሆኑ ይስበዋል። እኔ የሽማግሌው ነገር ልቤን ነካው። ባለቤቴ አልወደደችውም፤ ምክንያቷም ቀላል አልነበረም። «የራእይ መጽሐፍ የሚናገረው ስለ በጉ ድል ነው። እዚህ ማኅተሙም መለከቱም አለ፤ በጉ ግን የለም። ቃሉን ለማስፈራሪያ ብቻ ነው የተጠቀሙበት» አለች። ልጃችን መልስ አጥቶ ዝም አለ፤ ቆይቶም፣ «እማዬ፣ ይሄን አላሰብኩትም» አላት።

በቤት ለቤት ኅብረታችን ሳነሣውም እንዲሁ ሆነ። አንድ ወንድም፣ «እንዲህ ያለው ነገር ቤት ውስጥ መግባት የለበትም» አለ። የሰንበት ትምህርት የምታስተምር እህት፣ «ልጆቻችን ከእኛ ጋር ካላነበቡት ብቻቸውን ያነቡታል» አለች። አንድ ወጣት ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ ስለበዙ የቀድሞውን ታሪክ የማያውቅ ሰው እንደሚደናገርበት ነገረን። ሁሉም የየራሱ እውነት ነበረው።

እኔን የወጋኝ ግን የልጄ ጥያቄ ነው። አንድ ማታ መጽሐፉን እንደያዘ፣ «አባዬ፣ ሱፐርማን እስር ቤቱን ሲሠራ መጥፎ ሰው ሆኖ ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «ሌላ የሚያደርገው ስለጠፋው፣ ፈርቶ ነው።»

ትንሽ ዝም አለና፣ «አንተም መጽሐፌን የጣልከው ፈርተህ ነው?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቃል ግን ያራቆተኝ የለም። አዎ፣ ፈርቼ ነበር። ይህ አገር ልጄን እንዳይወስድብኝ ፈርቼ፣ በፍርሃቴ ራሴው ገፋሁት። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፣ እኔና እናቱ «ልክ ነኝ፣ ልክ አይደለሽም» ስንባባል ከሥራችን ያለው እርሱ ነበር። እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ባለቤቴንም ጠርቼ በፊቱ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የተጣላነው በፊቱ ነበርና።

ከዚህ የተማርነውን ለወላጆች ባካፍል ደስ ይለኛል። መጀመሪያ፣ ሳይሰሙ መመለስ ስንፍና እንደሆነ የምሳሌ መጽሐፍ ያስተምረናል (ምሳ. 18፥13)፤ ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት እናንብብ። ሁለተኛ፣ ሐዋርያው ሁሉን መርምረን መልካሙን እንድንይዝ ይመክራል (1ተሰ. 5፥21)፤ መመርመር ሁሉን መቀበል አይደለም፣ ሁሉን መጣልም አይደለም። ሦስተኛ፣ ባልና ሚስት በልጅ ጉዳይ ከመወሰናቸው በፊት ለብቻቸው ይመካከሩ። አራተኛ፣ አባቶች ልጆቻችንን እንዳናስቆጣ የታዘዝነው (ኤፌ. 6፥4) ትክክል በሆንንበት ቀን ጭምር ነው።

በእርግጥ ሁሉም መጽሐፍ ለሁሉም ልጅ አይሆንም። ይህም ለትንንሽ ልጆች አይመከርም፤ ጭካኔና ሞት አለበት። አንዳንዱን «አይሆንም» ማለት የወላጅ ኃላፊነት ነው። ነገር ግን አንብቦ «አይሆንም» የሚል አባትና ሳያነብ የሚጥል አባት በልጁ ዘንድ አንድ አይደሉም።

መጽሐፉ ዛሬ ሳሎናችን መደርደሪያ ላይ አለ። ባለቤቴ እስካሁን አልወደደችውም፤ እኔና ልጄም አሳባችንን አልቀየርንም። የልጃችን በር ግን ተከፍቷል። ባለፈው ማታ ብቅ ብሎ፣ «አባዬ፣ የራእይ መጽሐፍን ከመጀመሪያው እናንብበው? እማዬ ያለችውን በግ ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ። ሦስታችንም ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠን ጀመርነው። ጌታ የቤታችሁን በሮች ይክፈት።