አከራይ ሆኜ፣ ተከራይ ሆኜ

የካ አባዶ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ፤ የምኖረው ግን ገርጂ፣ ሰው ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። 20/80 ተመዝግቦ ዕጣ የወጣለት፣ ሃያውን በመቶ ከፍሎ ቀሪውን ለባንክ የሚገፋ፣ ሥራው ደግሞ ከቤቱ የራቀበት ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ያከራያል፣ ይከራያል። ከተከራዬ የምቀበለው ብር ከፊሉ ለባንክ፣ ከፊሉ ለእኔ አከራይ ይሄዳል። በእጄ ያልፋል እንጂ አያድርም።

አንድ ዓመት እትዬ፣ አከራዬን የምጠራቸው እንዲህ ነው፣ ወር ሲሞላ አስጠሩኝና «ኑሮው ተወዷል» ብለው 2 ሺህ ብር ጨመሩብኝ። እሺ ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። በሳምንቱ ለተከራዬ ደወልኩና «ኑሮው ተወዷል» ብዬ 2 ሺህ ብር ጨመርኩበት። ቃሉን እንኳ አልለወጥኩትም።

ተከራዬ መምህር ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እህቴ፣ ቤቱ ምን አዲስ ወጪ አመጣብዎት?» አለኝ። የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ያው ነው። የመብራቱን ካርድ የሚሞላው እሱ ነው። የተወደደው እኔ የምኖርበት ቤት እንጂ እሱ የሚኖርበት አልነበረም።

ደላላው ግን መልስ አላጣም። «አስወጪው፤ በሁለት ቀን ሰው አመጣልሻለሁ» ይለኛል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ኪራዩ 10 ሺህ ነበር፤ ጭማሪው በዓመት 24 ሺህ ይመጣል። ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቢውል 20 ሺሁ እዚያው ቀረ፤ በዚያ ላይ ቀለም አለ፣ የደላላ አለ፣ ቁልፍ መቀየር አለ። ደላላ ባዶ ወርን አይቆጥርም፤ እንጀራው ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ነው። ጭማሪውን ተውኩት። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ ያስቆመኝ ሒሳቡ ነው። ኀፍረቱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

የመጣውም በውሃ ነው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል፤ ውሃ በፈረቃ ነው። ጠፍቶ ሳለ ቧንቧ ከፍተው ይረሱታል፣ ሌሊት ሲመጣ ቤቱን ይሞላና ወደ ታች ይወርዳል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ኮርኒሱ ሲበላሽበት የደወለው ለእኔ ነው። «ተከራዬን አነጋግር» ልለው ከአፌ ደርሶ ነበር። እሱ የሚያውቀው ግን ባለቤቷን ነው፤ የሕንፃው ማኅበር አባልም እኔው ነኝ። ሄጄ ሳየው ደግሞ ነገሩ ከተረሳ ቧንቧ ያልፋል። ቤቱን የተረከብኩት ፊኒሺንግ ሳይኖረው ነው፤ የሻወሩን ወለል ያሠራሁት በርካሽ ነበር፣ ከሴራሚኩ ሥር ውሃ የሚያግድ ምንም አልገባበትም። ከቧንቧው በፊትም ሲያሰርግ ከርሟል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤት በማርጀቱ የሚመጣን ጥገና የሚጥለው በአከራይ ላይ ነው። ይህን ያወቅኩት ግን አከራይ ሆኜ አይደለም። ሰርቪሷ ክረምት ላይ ስታፈስብኝ እትዬን ላሳምን ብዬ ያነበብኩት ነው። ክርክሬን በቃሌ እስክይዘው አጥንቼው ነበር፤ ሳልናገረው ቀረሁና ባልዲ ደቀንኩ። መምህሩ ሻወሩ በር ላይ ቆሞ ምንም አይናገርም፤ እኔ ግን ያንኑ ክርክር ቃል በቃል እሰማዋለሁ። ሻወሩንም የጎረቤቴን ኮርኒስም አሠራሁ። የዚያን ወር የባንክ ክፍያ ከዕቁቤ ነው የሞላሁት።

በ2016 የኪራይ ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 1320፣ ሲወጣ አከራይ ሁሉ ተንጫጫ፤ እኔም አብሬ። ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ኪራዩ በባንክ ይግባ፣ ጭማሪ በየዓመቱ በሚታወጀው ልክ ይሁን ይላል። የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብሎ ዕዳ ማቃለል የለመደ ሰው ቢከፋው አይገርምም። ሲሚንቶና ቀለም በአዋጅ አለመወሰናቸው እኔንም ዛሬ ድረስ ይቆረቁረኛል። ግን የባንክ ዕዳ ላለበት ሰው የሁለት ዓመት የታወቀ ገቢ ቀላል ነገር አይደለም። ወረዳ ሄደን ውሉን አስመዘገብን። መምህሩ ሁለት ጊዜ አንብቦ ነው የፈረመው።

ከእትዬ ጋር ግን ዛሬም ውል የለኝም። በየወሩ በእጅ እሰጣለሁ፣ ቆጥረው ይቀበላሉ። አዋጁ ለእኔም እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ውሉ በ30 ቀን ውስጥ እንደሚመዘገብ፣ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ ሁሉ አውቃለሁ። ባለፈው ወር ኪራይ ልሰጥ ስገባ ደፈር ብዬ «እትዬ፣ ይሄ የወረዳው ምዝገባ እኮ...» ስል፣

«ምነው፣ ሌላ ቤት አገኘሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለም» አልኩና ብሩን አስቀምጬ ወጣሁ።