ጆሃንስበርግ ይፈቀዳል፤ ዝዋይ ግን ነውር ነው!

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ያላገባች ሴት ለሁለት ሦስት ቀን ብቻዋን ሐይቅ ልታይ ብትሄድ ምን ይባላል? በእኛ ሆሳዕና ጥያቄውን ሁሉም በቃሉ ይዞታል… «ከማን ጋር ነው?» «ብቻዬን» ካለች ደግሞ ወይ ዋሽታለች፣ ወይ አእምሮዋ ተነክቷል፣ ወይ ደብቃ የያዘችው ሰው አለ።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። ደቡብ አፍሪካ የሚኖር አንድ ሰው በዘመድ በኩል ለትዳር ጠየቀኝ። የሐድያና የከምባታን ከተሞች ለሚያውቅ ይሄ እንግዳ ወሬ አይደለም። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔ ወጣቱ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በሞዛምቢክ አድርጎ ወደ ታች መውረድ ከጀመረ ስንት ዓመቱ! አንዳንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። የደረሰው ሱቅ ይከፍታል፣ ለወላጆቹ ቤት ያሠራል፣ ከዚያም ሚስት ይፈልጋል። ፎቶ ይላካል፣ በስልክ ይተዋወቃሉ፣ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ሙሽራዋ በእልልታ ትሸኛለች። ከእኛ ሰፈር ብቻ ሦስት ሴቶች እንዲህ ሄደዋል።

እኔም ሃያ ስምንቴን ይዣለሁና ቤተሰቤ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ሰውየው ክፉ ነው አልልም። በስልክ ሲያወራ ጨዋ ነው፣ ሳቁም ደስ ይላል። ግን በአካል አይቼው አላውቅም! «ትንሽ ላስብበት» ብል ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ። ታዲያ ቤት ውስጥ ማሰብ ይቻላል እንዴ? ጠዋት እናቴ፣ ማታ አክስቴ፣ በመካከል ደግሞ ለቡና የተጠሩት ጎረቤቶች… ስለዚህ «ዝዋይ ሄጄ ደሴቶቹን አይቼ፣ ሁለት ሌሊት አድሬ እመለሳለሁ» አልኩ።

ኧረ ቤቱ ተናወጠ! «ብቻሽን? ሰው ምን ይላል?» ታላቅ ወንድሜማ «ሴት ልጅ ብቻዋን ሆቴል አታድርም፣ አለቀ!» አለ።

«ጋሼ፣ ጆሃንስበርግስ ከማን ጋር ነው የምትልኩኝ?» አልኩት።

ዝም አለ። እውነቴን ነው፣ ይሄን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም አላነሳውም። ስንት አገር አቋርጬ፣ በስልክ እንጂ በዓይኔ ወደማላውቀው ሰው ቤት ብቻዬን መብረር ወግ ማዕረግ ነው። ዝዋይ ደርሶ መመለስ ግን ነውር!

የሆነው ሆኖ ሄድኩ። ከሆሳዕና በወራቤ በኩል ቡታጅራ፣ እዚያ መኪና ቀይሮ ዝዋይ… ከተማዋ ባቱም ትባላለች። ጎህ ሲቀድ ስለወጣሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ አልጋ ያዝኩ። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ «ስንት ናችሁ?» አለኝ። «አንድ» አልኩት። መታወቂያዬን እየመዘገበ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ በሩን ሁለት ጊዜ አየ፤ ተከትሎኝ የሚገባ ሰው እየጠበቀ መሆኑ ነው። ማንም ሲጠፋ ቁልፉን ሰጠኝ።

በማግስቱ በጠዋት ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሷቸውን ሲያጸዱ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከአምስቱ ደሴቶች ትልቁና ሩቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ደብረ ጽዮን የሚሉትም አሉ። በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። እኔም ከደሴቱ ሰዎች ጋር ተሳፈርኩ።

እነዚህ ሰዎች ዛይ ይባላሉ። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ይሸምናሉ፣ ተራራቸውን በእርከን ከፍለው ያርሳሉ። ቋንቋቸው ከስልጥኛ ጋር ዘመድ ነው። እኔም በወራቤ መንገድ ስመላለስ የለቃቀምኳቸው ቃላት ነበሩኝና፣ ጀልባው ላይ ሲጫወቱ አልፎ አልፎ ጆሮዬ ይይዝ ጀመር። በአባቶች ትውፊት፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋችበት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እስከዚህ ደሴት ሸሹ። ታቦቱ 70 ዓመት ቆይቶ ሲመለስ እዚሁ ለመቅረት የመረጡ ነበሩ ይባላል። በግዕዝ የተጻፉ የብራና መጻሕፍትም እዚህ ውሃ መሐል ተጠብቀው ኖረዋል።

እኔ ያደግሁት ጴንጤ ቤት ነው። ግን ሰው ቤት ሲኬድ በባለቤቱ ሥርዓት ነውና፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ አረፍ አልኩ። ከታች ካለው መንደር አንዲት እናት ጥጥ እየፈተሉ ነበር።

«ልጄ፣ ከማን ጋር መጣሽ?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነው እማማ» አልኩ፤ ስድብ ልቀበል ተዘጋጅቼ።

«እኔ ይሄን ውሃ የተሻገርኩት ለገበያ፣ ለልቅሶና ለሐኪም ነው» አሉና ፈትላቸውን ቀጠሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «ደግ አደረግሽ» አሉኝ።

ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ የእኛዋ ንግሥት እሌኒ ትዝ አለችኝ። የሐድያው ገራድ ልጅ! በ15ኛው መቶ ዘመን ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ስትዳር «ትሄጃለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት መኖሩን እንጃ። በኋላ ግን ለሕፃኑ ንጉሥ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር አስተዳደረች። እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማም ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ አስነስታ ደብዳቤዋን እስከ ፖርቱጋል ላከች። እንግዲህ የእኛ አገር ሴት ርቃ መሄዷ አዲስ ነገር አይደለም። ሰውን የሚያስደነግጠው ለራሷ ጉዳይ ስትሄድ ነው።

ከዚያ ተነስቼ ወረቀት አወጣሁና ጥያቄዎቼን ጻፍኩ። ካልተስማማን ማን ቤት ነው የማድረው? ፓስፖርቴ በማን እጅ ይሆናል? የመመለሻውን ገንዘብ ማን ይይዛል? ቤት ሳለሁ አንዱም አልመጣልኝም ነበር፤ ሁሉም ስለ ቀሚስና ስለ ድግስ ነበር የሚያወራው።

ስመለስ ደወልኩለትና «አንተ ና፣ እዚህ ተያይተን እንወስን» አልኩት። እውነቱን ነገረኝ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። የመኖሪያ ወረቀቱ ስላልተስተካከለ ከወጣ ተመልሶ መግባት አይችልም። ታዲያ እሱ ያልተመለሰበትን መንገድ እኔ በምን ልመለስበት ነው? «አይሆንም» አልኩ።

ዋጋ አላስከፈለኝም ብዬ አልዋሻችሁም። እናቴ ሁለት ወር ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። ጎረቤቱም «ዝዋይ ሄዳ ተበላሸች» ብሏል። ሰውየው ሌላ ሙሽራ አግኝቷል፣ መልካም ትዳር ይሁንላቸው። ተሸኝተው ሄደው በሰላም የሚኖሩ እህቶች ስላሉ፣ አንባቢዬ፣ «እምቢ በይ» ብዬ አልመክርሽም። ግን መልስ ከመስጠትሽ በፊት፣ ማንም የማይሸኝሽንና ማንም የማይቀበልሽን አንድ አጭር መንገድ ሂጂ።

ስትሄጂም እንዲህ አድርጊ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀደም ብለሽ ጠይቂ። በጠዋት ተነሺና በብርሃን ድረሺ። የት እንደምታድሪ ለአንድ የምታምኛት ጓደኛ ንገሪ፣ ማታ ማታም ደውዪላት። የጀልባውን ዋጋ ሳትሳፈሪ ጨርሺ፣ የመንሳፈፊያ ሰደሪያም ጠይቂ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሳ በጊዜ ተመለሺ። ውሃ፣ ዳቦና ነጠላ ያዢ። ወረቀትና እስክሪብቶም አትርሺ።

እናንተ ወንድሞችም፣ እህታችሁ «ደርሼ ልምጣ» ስትል «ከማን ጋር?» ከማለታችሁ በፊት «የመኪና አለሽ?» በሏት። የእኔው ወንድም ሰሞኑን «ሐዋሳስ መቼ ነው?» ብሎኛል፤ እየቀለደ ይሁን ከልቡ ገና አልለየሁትም።

ቸር ያገናኘን!