ጉባኤው ከበሩ ውጭ፣ ጉባኤው ከበሩ ውስጥ

አሜሪካ ውስጥ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለቼዝ ክበብ አዳራሽ ከፈቀደ፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድንም የመፍቀድ ግዴታ አለበት። በካንሳስ ሲቲ የሚገኘው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ኮርነርስቶን የሚባሉ ክርስቲያን ተማሪዎችን አዳራሽ ከልክሎ ነበር። ተማሪዎቹ ከሰሱ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። እኛ አገር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ ደብረ ታቦርም ተማሩ ባሕር ዳር፣ ጉባኤ የሚባለው ከግቢው በር ወጥቶ ቅርብ ወዳለው ደብር መሄድ ነው።

እኔ የጋይንቷ የንፋስ መውጫ ልጅ ነኝ። ደብረ ታቦር ተምሬ አሁን ሚኒያፖሊስ እኖራለሁ፤ የምሠራውም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ የክርስቲያን ተማሪዎችን ውሎ ከመስከረም እስከ ግንቦት አያለሁ። እዚህ ያለ አበሻ ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ “እዚህ ነጻነት አለ፣ እዚያ ክልከላ” ብሎ ይዘጋዋል። አልክድም። ነገር ግን ያ በር ማንም ሳያስበው ያተረፈልን ነገር አለ፤ ዛሬ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ጽጌና ፒዛ

በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚጀመረው በአሜሪካውያን የሠራተኞች ቀን፣ በሌበር ደይ ማግስት ነው። በዚያ ሰሞን ኮፍማን የሚባለው የተማሪዎች ሕንፃ ዙሪያ በጠረጴዛ ይሞላል። የጀልባ ቀዛፊዎች፣ የሒሳብ ክበብ፣ የሙስሊም ተማሪዎች፣ ክርስቲያኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ፒዛ በነጻ፣ ካኔቴራ በነጻ። ከክርስቲያኖቹ ብዙዎቹ ዕድሜ ጠገብ ድርጅቶች ናቸው። የካቶሊኮቹ የኒውማን ማእከል እንደ ፈረንጆቹ በ1893 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሯል፤ ኢንተርቫርሲቲ አሜሪካ የገባው በ1941 ነው፤ ዛሬ ክሩ የሚባለው ደግሞ በ1951 በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ሙሉ ጊዜያቸውን ለዚህ ሥራ የሰጡ አገልጋዮች አሏቸው። አዲስ ተማሪ ከቤት በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጓደኛ ካላገኘ በኋላ እንደማይገኝ ስለሚያውቁ፣ የዓመቱን ጉልበት ግማሽ እዚያች ጊዜ ላይ ያፈሳሉ።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማዋ ከወላይታም፣ ከአዳማም፣ ከጅግጅጋም የመጣ ልጅ ማስተናገድ ለመደች። አዲስ ገቢ ከአውቶቡስ ሲወርድ ነባር ተማሪዎች ሻንጣውን ይቀበሉታል። የጉና ተራራን ብርድ ያልቀመሰ ልጅ በስስ ጃኬት ሲንቀጠቀጥ አይተው “ጋቢ የለህም እንዴ?” ይሉታል። እስከዚህ ድረስ ከሚኒሶታ ብዙ አይለይም። ልዩነቱ የሚጀምረው ቀጥሎ ነው። ወቅቱ ዘመነ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5። ልጁን የሚጠብቀው ለእሱ ተብሎ የተሰናዳ መርሐ ግብር አይደለም። እሱ ቢመጣም ባይመጣም በየሳምንቱ እሑድ ሌሊት የሚቆም ማኅሌት ነው። ካህናቱ ተራ በተራ ያነሣሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ ጽናጽሉ ይንሿሿል። ሴት አያቱን የሚያክሉ እናት አጠገቡ ቆመዋል። ሲነጋ እኒያው እማሆይ “አንተ ልጅ፣ አገርህ የት ነው? እናትህስ ደኅና ናት?” ይሉታል።

ልጁ የገባው የተማሪ ቡድን ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ሰበካ ውስጥ ነው።

ከዩኒቨርሲቲው በፊት የነበረ ተማሪ

ይህ ድንገት የመጣ ልማድ አይደለም። የጋይንት ሰው ከቤቱ የራቀ ተማሪን የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲ ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም ያለችው በጋይንት ምድር ነው፤ ዝማሬና መዋስዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም ከአገራችን ከደቡብ ጎንደር አይወጣም። ድጓ የሚማር ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ይመጣል። የሣር ጎጆ ይቀልሳል፤ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያለ በየደጃፉ ይቆማል፤ የመንደሩ ሰው ከቁራሹ ያካፍለዋል። የልጁም ትምህርት ራሱ በወቅት የተከፈለ ነው። የዮሐንስ፣ የአስተምህሮ፣ ጾመ ድጓው፣ የፋሲካው ዜማ እያለ፣ የቅዱስ ያሬድ መጽሐፍ ዓመቱን ተከትሎ ይሄዳል። ሰበካው ተማሪውን ያበላል፣ ተማሪው በማኅሌቱ ሰበካውን ያገለግላል።

የዘመናዊው ትምህርት ተማሪ ወደዚህ ውል የገባው በብዙ መንገድ ዞሮ ነው። በንጉሡ ዘመን በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ሃይማኖተ አበው የሚባል የተማሪዎች ማኅበር ነበር። በደርግ ጊዜ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ገዳም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በክረምት እየሰበሰቡ ያስተምሩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተማሪውን ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ ሲያከትት፣ እዚያ በጸሎት የተሰባሰቡት ልጆች በ1984 ዓ.ም. ለተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን መነሻ ከሆኑት መካከል ናቸው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያሉትን ግቢ ጉባኤያት የሚያስተባብረው ይኸው ማኅበር ነው። ወንጌላውያኑም በተማሪ ማኅበራቸው በኢቫሱ ሥር ፌሎሺፕ አላቸው፤ ኢቫሱ በ1947 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት አባል ስለሆነ የኢንተርቫርሲቲ ዘመድ ነው። እነሱም በሩ ላይ ሲደርሱ እንደኛው ወጥተው ቅርብ ባለች ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባሉ።

ባዶ ግቢና ሙሉ ግቢ

ሚኒሶታ ውስጥ ታኅሣሥ ሲጋመስ ግቢው ይራገፋል። የፈረንጆቹ ገና ሲመጣ ተማሪው ቤቱ ነው። የእኛ ገና፣ ታኅሣሥ 29፣ ግቢው ጭር እንዳለ ያልፋል፤ ጥምቀት ትምህርት በሚጀመርበት ሰሞን ይደርሳል፣ ከውጭ ያለው ብርድ ደግሞ ታቦት ተከትሎ የሚያስወጣ አይደለም። ንፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ በስሟም በአየሯም ብርዳም ከተማ ናት፤ ቢሆንም ውሃ አስፋልት ላይ እንደ መስታወት ሲጋገር ያየሁት እዚህ መጥቼ ነው።

ደብረ ታቦር ግን በዓሉ ተማሪውን ግቢ ውስጥ ያገኘዋል። አገሩ ሩቅ የሆነ ልጅ ለገና ቤቱ መሄድ አይችልም። ያኔ የከተማው ሰው “ዛሬማ ካፌ አትበላም” ብሎ ይወስደዋል። ለጥምቀት መዘምራኑ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ታቦቱን አጅበው ይወርዳሉ። የምሕንድስና ተማሪው ምንጣፍ እያነጠፈ ከፊት ፊት ይሮጣል። የአሜሪካ የተማሪ አገልግሎት ዕቅዱን የሚያወጣው የሬጅስትራር ካላንደር ዘርግቶ ነው፤ የእኛው ባሕረ ሐሳብ ቆጥሮ። በእኛው ፈተናና በዓል ይጋጫሉ፣ ብዙ ተማሪ ይቸገራል። በእነሱ ግጭት የለም፣ ምክንያቱም አገልግሎቱ ራሱ ከትምህርቱ መርሐ ግብር ጋር እንዲስማማ ሆኖ ተበጅቷል።

ጾም በሁለት ካፌ

ለመጾም የቱ ይቀላል ቢሉኝ ሚኒሶታ እላለሁ። የዩኒቨርሲቲው መመገቢያ ቪገን የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ዓመቱን ሙሉ አለው። ሽንብራው፣ ምስሩ፣ የአኩሪ አተር ወተቱ ሞልቷል። ሁዳዴን እዚህ የሚጾም ተማሪ አይራብም። የሚቸግረው ብቻውን መጾሙ ነው። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ሲጠብቅ ጓደኞቹ ምሳቸውን ከበሉ ቆይተዋል፤ “ዳይት ላይ ነህ?” ይሉታል። ፋሲካ ሚያዝያ 27 በዋለበት በ2016 ዓ.ም. የመጨረሻው ፈተና ሰሞን ስለነበር፣ ሰሙነ ሕማማትን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሳለፉ ልጆች አውቃለሁ።

አገር ቤት ካፌው ሽሮና ምስር ብቻ ነው፤ ሽሮውም ቀጭን ነው። ግን ምሳውን በሳህን ይዞ ዘጠኝ ሰዓትን የሚጠብቀው ዶርም ሙሉ ሰው ነው። ከክፍል ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቅዳሴ የሚሄድ፣ በስቅለት ዕለት ሲሰግድ ውሎ ማታ ጉልበቱን እያሻሸ ለፈተና የሚያጠና፣ ይህን ሁሉ እንደ ተራ ነገር የሚያይ ብዙ ነው። ጾሙን የሚያቀለው ምግቡ አይደለም።

ፈረንጆቹም በዚሁ ወቅት እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም። በመጋቢት የዕረፍት ሳምንት በቫን ተጭነው ሄደው ጎርፍ ወይም አውሎ ነፋስ ያፈረሰውን ቤት ሲጠግኑ ይሰነብታሉ። በፈተና ሳምንት እኩለ ሌሊት ላይ ቡናና ብስኩት ይዘው ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ይቆማሉ፤ ማንንም ሃይማኖትህ ምንድን ነው ሳይሉ ይሰጣሉ።

ከምረቃ በኋላ

ሁለቱ መንገዶች በግልጽ የሚለያዩት ሰኔ ላይ ነው። ደብረ ታቦር ተመራቂው ጋዎኑን ለብሶ በደብሩ ዐውደ ምሕረት ይቆማል። መዝሙር አለ፣ ቡራኬ አለ፣ ከታናናሾቹ የመስቀልና የመጽሐፍ ስጦታ አለ፣ ከካህናቱ አደራ አለ። አደራው “በምትመደብበት ሁሉ ሰበካህን ፈልግ” ነው። ልጁ ሰሜን ሸዋም ይመደብ ጋምቤላ፣ ሰበካ ማለት ምን እንደሆነ አራት ዓመት ለምዶታል። ሽማግሌ የሚያሰለች ቃል ሲናገር መታገሥን፣ የሕፃን ለቅሶ እያቋረጠው መጸለይን፣ ከማያውቀው ሰው አጠገብ መቆምን ያውቃል።

ክረምት ሲገባ ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ የመጣው ተማሪ ወደ ቤቱ ተመልሶ በሰፈሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ግማሹ ለተተኪ መምህራን ሥልጠና ይሄዳል። የሚገርመው የደብረ ታቦር በዓል፣ ከተማዋ ስሙን የምትጋራው ቡሄ፣ ነሐሴ 13 ሲውል ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የለም። በዓሉ ግን ተማሪ ጠፋ ብሎ አይቀርም፤ ሰበካው ያከብረዋል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ንፋስ መውጫ ሲገባ ፍልሰታ ነበር፤ ያን ክረምት ቤቱ የገባ ተማሪ ትምህርት ሊሰጥ ይቅርና ቤተሰቡን የት እንደሚያሸሽ ነበር ጭንቀቱ።

ሚኒሶታ ውስጥ ግንቦት ላይ ሁሉም በየኢንተርንሺፑ ይበተናል። አገልጋዮቹ በጋውን ደመወዛቸውን የሚሸፍኑ ለጋሾች በማፈላለግ ያሳልፋሉ፤ ብዙዎቹ ድርጅቶች የሚሠሩት እንደዚያ ነው። ተመራቂው ግን በአዲሱ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ግራ ይገባዋል። አራት ዓመት ሙሉ ከእኩዮቹ ጋር ብቻ፣ በሚወደው ሙዚቃ፣ በእሱ ቋንቋ ሲያመልክ ነበር፤ አሁን በዙሪያው ያሉት የቤት ዕዳ የሚከፍሉና ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው። ይህን ችግር ራሳቸው አገልጋዮቹ ያነሡታል። በነጻ የተሰጠው አዳራሽ እኩያን ከእኩያ አገናኝቷል፤ ወደ ሰበካ የሚያሻግር ድልድይ ግን አልነበረውም።

ከእነሱ ምን እንውሰድ?

ይህን ስል የእኛው ሙሉ ነው ማለቴ አይደለም። ግቢ ጉባኤ ላይ አንድ መምህር ያስተምራል፣ መቶዎች ይሰማሉ፤ ጥያቄ ያለው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ወደ መድረክ ይልካል፤ ሰዓቱ ካልደረሰ ወረቀቱ ሳይነበብ ይቀራል። እዚህ ስድስት ሰባት ሆነው አንዲት ምዕራፍ ከፍተው ይቀመጣሉ። የማያምነውም ይመጣል፣ “ይህ ለእኔ አይዋጥልኝም” ይላል፣ ማንም አይቆጣውም። ስለ ጭንቀትና ስለ ድብርት በግልጽ ይወራል። አገር ቤት በውጤቱ ተስፋ የቆረጠ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚነገረው “ጸልይ፣ ጠበል ግባ” ነው፤ ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሰው ቢያገኝ ጸሎቱም ጠበሉም አይቀርበትም። ትንሿን ክብና ያልተፈራውን ጥያቄ ከእነሱ ብንወስድ ሃይማኖታችን አይጎድልም።

ዋናው ሥራ ያለው ግን እዚሁ ዲያስፖራው ጋ ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ኮሌጅ ሲገቡ ሁለት ምርጫ ይጠብቃቸዋል፤ ወይ የፈረንጆቹ ጠረጴዛ፣ ወይ ምንም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከግቢው በመኪና ሠላሳ ደቂቃ ትርቃለች፤ ልጁ መኪና የለውም፤ ሲመጣም “ለወጣቶች” ተብሎ የተለየ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይማራል። ማለትም ከፈረንጆቹ የወሰድነው እኩያን ከእኩያ ጋር ብቻ መሰብሰቡን ነው፤ መፈለጉንና መቀበሉን ትተነዋል። የጋይንት እናቶች ለድጓ ተማሪ ያደረጉትን እኛ ለገዛ ልጆቻችን አላደረግነውም።

የሚያስፈልገው ከባድ አይደለም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከቅዳሴ በኋላ “ዘንድሮ ኮሌጅ የገባ የማን ልጅ ነው? ከሌላ ስቴት የመጣስ አለ?” ተብሎ ይጠየቅ። እያንዳንዱን ተማሪ አንድ ቤተሰብ ይረከበው፤ እሑድ ጠዋት በመኪና ያመላልሰው፣ በፈተና ሰሞን ምግብ ያድርስለት። ልጁም ሥራ ይሰጠው፤ ምንባቡን በእንግሊዝኛ ያንብብ፣ ሕፃናትን ያስተምር፣ ወጥ ቤት ገብቶ ከእናቶች ጋር ሽንኩርት ይክተፍ። ከእነሱ ጋር ሆኖ የሚሰማው አማርኛ ክፍል ውስጥ ከሚማረው ይበልጣል።

ፍልሰታ ነሐሴ 16 ያበቃል፤ እዚህ ትምህርት የሚጀመረው በሌበር ደይ ማግስት ነው። በመካከሉ ሁለት ሳምንት ገደማ አለ፤ ለአንድ ሰበካ ጉባኤ ስም ዝርዝር ለመያዝና ሾፌር ለመመደብ ይበቃዋል።