የጉዱ ካሳ አባት ማን ይባላል?

ሁለት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ወዳጆች የተገናኙ እንደ ሆነ መፈታተናቸው አይቀርም። የመንዝ ብርድ ባና በሚያስደርብበት ማታ፣ እዚህ ሞላሌ የተማሪዎች ጨዋታ ይኸው ነው። «የበዛብህ እናት ማን ናት?» «ውድነሽ በጣሙ!» «የትውልድ ቀዬውስ?» «ማንኩሳ!» «የጉዱ ካሳ አባት?» «ዳምጤ!» መመለስ ያቃተው ይሳቅበታል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ልብ ወለድ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የጎጃም ሲሆን የመንዝ ልጅ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት እንደ ጎረቤቱ ቤት ያውቀዋል። ይህ የፍቅር ምልክት ነውና አልነቅፈውም።

የምነቅፈው ንቀቱን ነው። አንዲት ተማሪ ታሪኩን የምታውቀው በድምፅ ከተቀረጸው ከወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ብቻ ነበር። «እንግዲያው አላነበብሽም!» ብለው ከጨዋታው ሊያስወጧት ሲሉ በተራዋ ጠየቀች፦ «በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ የተሳሉት ወላጆቹ ናቸው። ታዲያ የስእለቱ ባለ ዕዳ ማን ነው?»

ስም ሲያነበንብ የነበረው ሁሉ ዝም አለ። ቆይቶ ግን ክርክሩ ጋለ። አንዱ የወላጅ ቃል ይከበር አለ፤ ሌላው ልጁን ማን ጠየቀው አለ። አባቱ የሚማረውን ሙያ ከወዲሁ የቈረጡለት አንድ ልጅ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጥ ነበር።

እንግዲህ አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ወዳጃችሁን ስትፈትኑ ስሙን ጠይቁ፤ ከስሙ ቀጥሎ ግን ምክንያቱን ጠይቁ። ካሳን «ጉዱ» ያሰኘው ይኸው መጠየቁ ነበርና።